«ሲስተም የለም»

ባለፈው ሰኔ ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬዎች መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ። የሄድኩት የአጎቴን ማዳበሪያ ልቀበል ነበር። እሱን እግሩን ስላመመው እኔ ተላክሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር ተነሥቶ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ደርሷል። አህያ ይዞ የመጣ አለ፤ ባጃጅ ተከራይቶ የመጣ አለ። ዩሪያው ውስጥ ተደርድሮ በበሩ ይታያል። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል። አዳዩም ተቀባዩም ቆመዋል።

«ሲስተም የለም» አለ መዝጋቢው ልጅ፣ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

ይህችን አነጋገር የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባንክ ትሄዳለህ፣ ሲስተም የለም። ቀበሌ ትሄዳለህ፣ ሲስተም የለም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል። እንደ በረዶ፣ እንደ ውርጭ ከላይ የሚመጣ ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። ሰው ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ግን ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ባሕር ዳር ተቀምጬ ዘጠኝ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ሙያ ነው። ሲስተም የሚባለው ነገር ከሰማይ እንደማይወርድ አውቃለሁ። እንደኔ ያለ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር ነው። ልጁን «እስቲ አንዴ ልየው» አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰደብ ስለዋለ ሳያቅማማ ሰጠኝ።

አፑ ሲከፈት መጀመሪያ አርማው ይሽከረከራል። ከዚያ ካርታ ሊያወርድ ይሞክራል። ካርታው ካልወረደ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ማዳበሪያ ለማደል ካርታው ለምን እንዳስፈለገ ልጁም አልተነገረውም። ከዚያ የስም ገጽ ይመጣል። «ስም» ይላል፤ ከሥሩ «የቤተሰብ ስም» ይላል። ቀጥሎ የልደት ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቀጥሎ የመሬት ስፋት፣ በሄክታር ብቻ። እያንዳንዷ ገጽ ሩቅ ካለ ሰርቨር፣ መረጃው ከሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር ጋር ሳትነጋገር አታልፍም። ኔትወርኩ ደግሞ አንድ መስመር ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል።

ከፊቴ የቆሙት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢ ደርበው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ኔትወርኩ ብልጭ ሲል ልጁ ቶሎ ጠየቃቸው።

«አያ፣ ልደትዎ መቼ ነው?»

«እሱን አላውቅም ልጄ። የገቢ ግብሩ ረብሻ ጊዜ እረኛ ነበርኩ።»

«መሬትዎ ስንት ሄክታር ነው?»

«ስድስት ቃዳ።»

ልጁ በስልኩ ካልኩሌተር አሰላና 1.5 ብሎ ጻፈ። ልደታቸውን በግምት ሞላው። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያታቸውን ስም አስገባ። ባለፈው ዓመት የመዘገባቸው ሌላ ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ያስገባው የአባታቸውን ስም ነበር። ስለዚህ እኚህ አንድ ሰው ሲስተሙ ውስጥ ሁለት ሰው ሆነዋል። «ስሙ አይገጥምም» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ሽማግሌው ያሉትን ረብሻ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣበት ነው። ከገንዘቡ በላይ ያስፈራው መሬቱ ይለካል የሚለው ወሬ ነበር። መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል ብሎ ሰጋ። ከማዶ የመጣ ሰው፣ በማያውቀው መለኪያ፣ ሳያማክረው ያዘጋጀውን ቅጽ ሲሞላበት ገበሬ ለምን እንደሚጠረጥር ማወቅ የፈለገ ያን ታሪክ ያንብብ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የመጋዘኑ ሠራተኛ ትዕግሥቱ አለቀ። ከመሳቢያው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። በእስክሪብቶ ስም፣ የአባት ስም፣ ጎጥ፣ የወሰደው ኩንታል፣ ፊርማ ወይም አሻራ ብሎ አሰመረ። «ሲስተሙ ሲመጣ እናስገባዋለን» አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰልፉ ግማሽ ሆነ። ሽማግሌው ጆንያቸውን አህያው ላይ ሲጭኑ «ምነው ከጠዋቱ እንዲህ ብታደርጉት?» አሉ። የመለሰላቸው የለም።

ይህን የምጽፈው ደብተር ከኮምፒውተር ይሻላል ለማለት አይደለም። ደብተር ይቀደዳል። ደብተር ላይ ስም ይፋቃል፣ የዘመድ ስም ይገባል። ማዳበሪያ ከመጋዘን ወጥቶ በነጋዴ እጅ በእጥፍ ሲሸጥ አይተናል። ማን ስንት እንደወሰደ በማይፋቅ መልኩ የሚመዘግብ ነገር ለገበሬው ያስፈልገዋል። ይህ ኮምፒውተር አሳምሮ የሚችለው ሥራ ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በዚያ ታብሌት ውስጥ ያለው ችግር ከማዳበሪያ ዕደላ የመጣ አይደለም። ሠሪው ከውጭ ይዞት የገባ ችግር ነው።

ፍሬድ ብሩክስ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ በ1986 እንደ ፈረንጅ ይህን ለያይቶ አስቀምጦታል። አንዳንዱ ውስብስብነት የሥራው የራሱ ነው፤ ልታስቀረው አትችልም። ሌላው እኛ በአሠራራችን የምንጨምረው ነው። እኔ ይህን በሀገርኛ ምሳሌ ነው የገባኝ። የኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው። ጳጉሜን አንዴ አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ትሆናለች። ሰዓታችን ከንጋት ይቆጥራል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስምና የአያት ስም ነው። መሬት በቃዳና በጥማድ ይቆጠራል። እነዚህ የሥራው የራሱ ውስብስብነት ናቸው። ፕሮግራመር ደመወዝ የሚበላው እነሱን ተሸክሞ ለሰው ለማቅለል ነው። እኛ ግን እነሱን አራግፈን ገበሬው ላይ ጫንናቸው። በምትኩ ካርታና የሚሽከረከር አርማ አስገባን።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጨረታ ሲወጣ የሚያሸንፈው ገጹ የበዛ፣ ሥዕሉ ያማረ ነው። አለቃ ፊት ለማሳያ የሚቀርበው በኦፊስ ዋይፋይ ነው። ልጆቹ ከኢንተርኔት የተማሩት ትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩበትን መንገድ ነው። መቶ ሚሊዮን ተጠቃሚ ላለው ድርጅት የተሠራውን ዕቃ ለአምስት መቶ ገበሬ ያመጡታል። አራት ገጽ የሚበቃው ሥራ አርባ ገጽ ይሆናል። ሲበላሽ ደግሞ ወረዳው ውስጥ አይደለም፣ ክልሉ ውስጥ የሚጠግነው ሰው አይገኝም።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። ኒክላውስ ቪርት የሚባሉ ስዊዘርላንዳዊ ሊቅ ነበሩ፤ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሶፍትዌር የሚንቀራፈፍበት ፍጥነት ኮምፒውተር ከሚፈጥንበት ይበልጣል ብለው በ1995 እንደ ፈረንጅ ጽፈዋል። በ2024 መጀመሪያ ሲያርፉ ነገሩ ብሶ ነበር። በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ያወረደው ኮምፒውተር ሥራውን የሚሠራባት ሚሞሪ አራት ኪሎ ባይት ገደማ ነበረች። በስልክ ካሜራ የተነሣ አንድ ፎቶ ዛሬ ከዚያ ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ ስሕተት ያለበት አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ዘጋ። አውሮፕላን ቀረ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ተሰረዘ። የምጠብቅህ እኔ ነኝ ብሎ የገባ ሶፍትዌር ነው ይህን ያደረገው።

ሁልጊዜ የማነሣው ግን የኤክስዜድን ነገር ነው። ኤክስዜድ ፋይል የምታምቅ ትንሽ ፕሮግራም ናት። የዓለም ሰርቨሮች ከሚሠሩባቸው ሥርዓቶች ውስጥ እጅግ በብዙዎቹ አለች። የሚጠግናት በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፣ ያለ ክፍያ። እንደደከመው በግልጽ ተናግሯል። አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በ2021 እንደ ፈረንጅ መጥቶ ልርዳህ አለው። ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሠራ። እምነት አገኘ፣ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ የሌባ በር ከተተባት፤ ሰርቨር ውስጥ በስውር የሚያስገባ ኮድ ማለት ነው። የተያዘው በአጋጣሚ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ለምን ብሎ ተከትሎ ሄዶ ጉዱን አወጣው።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ነግሬው ነበር። እሱ ኮምፒውተር አያውቅም፤ ወንፈል ግን ያውቃል። ዛሬ እኔ ያንተን አርማለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታርማለህ። ከሰው ማሳ አርሞ የማያውቅ ሰው የራሱ ማሳ ሲደርስ ማንም አይመጣለትም። «ታዲያ ያን ሰውዬ ብቻውን ተዉት?» አለኝ። አዎ፣ ብቻውን ተዉት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከማሳው በሉ፤ አንድ ቀን ማጭድ ይዞ የመጣ አልነበረም። በ2016 እንደ ፈረንጅ ደግሞ አንድ ሰው አሥራ አንድ መስመር ያላት ኮዱን ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚጋሩበት የኢንተርኔት መደብር ቢያነሣት በዓለም ዙሪያ ስንት ድርጅት ሥራው ቆመ። አሥራ አንድ መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው አልነበረም። ሌላው ከጻፈው ላይ ተደግፎ፣ ያኛውም በሌላው ላይ ተደግፎ፣ ከሥር ማን እንዳለ ያየ ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሀገሬ ነገር ልመለስ።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ በኋላ ነው። ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ደጃፍ ላይ ስልኩን ይዞ የሚቆመውን ሰው ብዛት የባሕር ዳር ሰው ያስታውሰዋል። ተማሪ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ውጭ ያለ ልጇን ለማየት የመጣች እናት ናት። የኔ ቢጤ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። የሕዝብን መስመር መዝጋት የጸጥታ እርምጃ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ያን ዓመት ወሬ አልቀነሰም። የቀነሰው ወሬውን የምናጣራበት መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚል ስትራቴጂ ያጸደቀ መንግሥት የአንድን ክልል ሕዝብ ከዲጂታሉ ዓለም ለወራት አውጥቶ ሲያስቀምጥ፣ ያ ስትራቴጂ ለማን ነው የተጻፈው ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ያ ዓመት ለሙያዬ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። የስልክ መስመር በነበረባቸው ቦታዎች በኮከብና በመሰላል የሚደወለው አገልግሎት ይሠራ ነበር። የቴሌብርን *127# ማለቴ ነው። እሱ ዳታ አይፈልግም። በተርታ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። ጽሑፍ ብቻ ይልካል፣ ቁጥር ትመርጣለህ፣ ያልቃል። ኋላ ቀር ነው ብለን የናቅነው ነገር ነበር። ያማረው አፕ ሁሉ ሲሞት ዳንግላ ያለች አክስቴ በዚያ ነው ገንዘብ የተቀበለችው።

ቀላል ማለት ግን ያለ ዕውቀት የተሠራ ማለት አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በፊደላችን ስትጽፈው 70 ብቻ ይይዛል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ ነው፤ ለመልእክት ሲሆን ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል። ይህን የማያውቅ ሠሪ ረጅም መልእክት ይጽፋል፣ መልእክቱ ለሦስት ይከፈላል፣ ሒሳቡም በሦስት ይባዛል። የሚያውቅ ሠሪ ግን ቁጭ ብሎ ይመጥናል። «ማዳበሪያዎ ደርሷል። ነገ ጠዋት መጋዘን ይምጡ።» ይህ ከ70 በታች ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ለመጨረስ የሚያየው አሳር ትዝ ይለኛል። ዋሸራም ጎንጅም የቅኔ ሀገር ናቸው። መምህሩ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥና ትርፍ ቃል ካገኘ ያስመልሰዋል። እኛ ኮድ ስንጽፍ እንዲህ የሚያስመልሰን መምህር አላገኘንም።

አሁን ማኅበራዊ ሚዲያውን ላንሣ። ለኔ ከላይ ካልኩት የተለየ ጉዳይ አይደለም። እሱም ማንም ሊያየው የማይችል፣ አጠገባችን የሚጠግነው ሰው የሌለ ሲስተም ነው።

ፌስቡክ ስትከፍት የሚመጣልህ ጓደኞችህ የጻፉት በቅደም ተከተል አይደለም። አንድ ቀመር መርጦ ነው የሚያቀርብልህ። ኩባንያው በ2018 እንደ ፈረንጅ ቀመሩን ሲቀይር ሰዎችን የሚያነጋግር ጽሑፍ ይቅደም አለ። በ2021 የወጡት የውስጥ ሰነዶች ነገሩን በቁጥር አሳዩ። ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ የስሜት ምልክቶች ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይቆጠሩ ነበር። ሰው የተናደደበት ነገር ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ኋላ የቁጣውን ዋጋ ዜሮ አደረጉት፤ እስከዚያ ግን ዓመታት አልፈዋል። ሰነዶቹን ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን አሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም አንሥታለች።

ይህ ሩቅ ሀገር የሆነ ነገር አይደለም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። ከመገደላቸው በፊት ፎቷቸውና ስማቸው ፌስቡክ ላይ ከክስ ጋር ሲዞር ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቷል። ምላሹ አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው የመጣው። ልጁ ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ተማሪያቸው አልነበርኩም። የዚያ ከተማ ሰው ግን ነኝ። ያን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። የገደለው ሰው ነው፤ ሰው ይጠየቃል። ግን ያን ፖስት ወደ ላይ አውጥቶ በሺህ ሰው ፊት ያቀረበው፣ አማርኛ የሚያነብ በቂ ሰው ያልቀጠረው ኩባንያም ይጠየቅ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ በናቴ ስልክ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በገባው ሳምንት አንድ የቴሌግራም መልእክት ደረሳት። የተቃጠለ ቤት ፎቶ ነው። የወረዳችን ስም ተጽፎበታል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ፎቶው ላይ የወንድሟን አጥር ትፈልግ ነበር። እያለቀሰች ነው የጠራችኝ። ጣሪያው የኛን ሀገር አይመስልም፤ ጥጉ ላይ ያለው ዛፍም አይመስልም። ፎቶውን ገልብጬ በኢንተርኔት ፈለግሁት። ከዓመታት በፊት ከሌላ ሀገር የተነሣ ነው። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናቴ ግን እስከዚያ ለሦስት እኅቶቿ ልካዋለች። እነሱም ለልጆቻቸው ልከዋል። አንዷ ራስዋን ስታ ወድቃ ነበር። ያን ጊዜ በሰፈራችን እውነተኛ ኀዘን ነበር፤ እውነተኛ የተቃጠለ ቤት ነበር። የሐሰቱ ፎቶ ያንን እውነተኛውን ነው የሚያስክደው። አንዴ የተታለለ ሰው ቀጥሎ እውነት ቢነግሩትም አያምንም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላል ሀገሬ። መላውን ግን ሁሌ ተጠቃሚው ላይ መጣል አልወድም። እናቴ የፎቶ መርማሪ መሆን የለባትም። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የምናየው ነገር በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርደር፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ይህን ሕግ ለእናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስረዳት እችላለሁ። ቀመር የፈለገ ይምረጥ፤ ያልመረጠ ግን አይጫንበት። ሼር ከሦስት እጅ በላይ ሲሄድ ይዘግይ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያነቡ ሰዎች ይቀጠሩ፤ የት እንዳሉና ስንት እንደሆኑ ይነገረን። ከዚህ ሀገር ማስታወቂያ ገንዘብ እየሰበሰቡ ቋንቋውን አናነብም ማለት አይቻልም።

መንግሥትም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። ሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ልጆች ኮድ ይማሩ። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው። በዚያው ወር ሞጣና ብቸና ላለ ልጅ ሊንኩን ብልክለት ምን ያደርግበታል? ደግሞም የመጨመር ትምህርት ብቻ አይበቃም። የትኛው ገጽ ይቅር፣ የትኛው ጥያቄ አያስፈልግም፣ መስመር ሲጠፋ ሥራው እንዴት ይቀጥላል የሚለውን ማን ያስተምራቸው? አንድ ቀን ከታብሌቱ ጋር መጋዘን በር ላይ ሰልፍ ያስይዟቸው። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት ኮድ ይለወጣል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከዚያ ሰኔ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን አንዲት ፕሮግራም ሠራን። በአሮጌ ላፕቶፕ ትሠራለች። ኢንተርኔት አትጠይቅም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ትቀበላለች። ቀኑ በኛ ቀን ነው። መሬት በቃዳ ብታስገባ ትቀበላለች፤ ሄክታሩን ራሷ ታሰላለች። የተጻፈ ነገር አይፋቅም፤ ስሕተት ከሆነ ከሥሩ ማስተካከያ ይጻፋል፣ ማን እንዳስተካከለም ይታያል። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ያለውን ወደ ወረዳ ትልካለች። ኮዱን አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቦ ይጨርሰዋል። አንድ የመራዊ ቴክኒክና ሙያ ተማሪ አንብቦ ሁለት ስሕተት አገኘብን፤ አስተካከልነው።

የመጋዘኑ ሠራተኛ ወስዶ ሞከራት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጎበኘው ስሄድ ላፕቶፑ ክፍት ነው፤ ደብተሩም አጠገቡ ክፍት ነው። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ያስገባል። «ደብተሩን ለምን አልተውከውም?» አልኩት።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ።

ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ጠየቅሁት። ሁለት ሰዓት አይሞላም አለኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራችን በየቀኑ ማታ የቀኑን መዝገብ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የምታትም ቁልፍ መጨመር ሆነ፤ ደብተሩ ውስጥ ገብታ እንድትለጠፍ በደብተሩ ልክ።